«እሱማ እንጦጦ ነው እንጂ ተራራ አይደለም»

የእህቴ ልጅ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሥዕል ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ተራራ ሥላችሁ ኑ ተብለናል፤ እስቲ እይልኝ» አለችኝ።

አየሁላት። እጇ የተባ ነው። በወረቀቱ ላይ ሦስት ሹል ሹል ተራሮች ቆመዋል። ጫፋቸው በነጭ በረዶ ተሸፍኗል። ከሁለቱ መካከል ፀሐይ ብቅ ብላለች። ከሥራቸው የገና ዛፍ የሚመስሉ ጥዶች ተደርድረዋል። ሰው የለም። ቤት የለም። አንዲት በግ እንኳ የለችም።

«ይህን ተራራ የት ነው ያየሽው?» አልኳት።

«የትም አላየሁትም። ተራራ እኮ ነው!»

የምኖርባት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ በረንዳዋ ወደ ሰሜን ያያል። ልጅቷን እጇን ይዤ አወጣኋትና እንጦጦን አሳየኋት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበርና ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ የሚቆጠር ይመስላል።

«ያስ ምንድን ነው?»

በሞኝነቴ ያዘነችልኝ መሰለኝ። «ጋሼ ደግሞ! እሱማ እንጦጦ ነው እንጂ ተራራ አይደለም» አለችኝ።

ሳቅሁ። ማታ ጋደም ስል ግን ነገሩ እየተመላለሰ እንቅልፍ ነሣኝ። አራት ዓመት ሙሉ ት/ቤት የተመላለሰች፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ጥሩ ውጤት የምታመጣ ልጅ፣ በየማለዳው ከፊቷ የሚቆመውን ተራራ ተራራ መሆኑን ካላወቀች፣ ተማረች የምንለው ምኑን ነው? ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ልጅቷን ነፃ ላውጣት። ያን ሥዕል ከራሷ አልፈጠረችውም። ከቀን መቁጠሪያ፣ ከብስኩት ቆርቆሮ፣ ከካርቱን ፊልም የተቀዳ የአውሮፓ ተራራ ነው። በዚያ አገር ሰው የሚኖረው ከተራራው ግርጌ ነው፤ ተራራው ቀና ተብሎ የሚታይ፣ ለሽርሽርና ለበረዶ ሸርተቴ የሚወጣበት ነገር ነው። የእኛ አገር ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ያረስነው፣ ገበያ ያቆምነው፣ ቤተ ክርስቲያን የተከልነው፣ ዋና ከተማ የቆረቆርነው በአብዛኛው ከፍታው ላይ ነው። ወባውንና ሐሩሩን ሸሽተን ወደ ላይ የወጣን ሰዎች ነን። ተራራ ለእኛ ቀና ብለን የምናየው ብቻ ሳይሆን የቆምንበትም ነው።

የብሪታንያ ከፍተኛ ተራራ የሚባለው ቤን ኔቪስ 1345 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እንግዲህ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ከእንግሊዞች ትልቅ ተራራ ጫፍ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ተራራ ላይ ተወልዳ፣ ተራራ ላይ አድጋ፣ ተራራን በብስኩት ቆርቆሮ ላይ ትፈልገዋለች።

በማግስቱ የአካባቢ ሳይንስ ደብተሯን አስመጣሁ። የተራራ ትርጉም በአንድ መስመር ተጽፏል፤ ከአካባቢው ከፍ ብሎ የሚገኝ የመሬት ክፍል ነው ይላል። ትክክል ነው። ከሥሩ የተራሮች ስምና ከፍታ በሠንጠረዥ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ረድፍ «ራስ ዳሸን፣ 4620 ሜትር» ይላል።

እኔም በልጅነቴ የሸመደድኩት ይህንኑ ቁጥር ነው። ዛሬ ግን በአዳዲስ ልኬቶች ላይ የተመሠረቱት መጻሕፍትና ካርታዎች ተራራውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ገሚሶቹ 4533፣ ገሚሶቹ 4550 ሜትር ይሉታል። ስሙም ቢሆን ያነጋግራል። የአገሬው ሰው ራስ ደጀን ይለዋል። «ዳሸን» የሚለው በውጭ አገር ካርታዎች አጻጻፍ በኩል ተለምዶ ኋላ የባንክም የቢራም ስም የሆነው ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የሰባ ሜትር ልዩነት አይደለም። ያሳሰበኝ ያመለጠው ትምህርት ነው። አንድ መምህር «ልጆች፣ ሦስት መጻሕፍት ሦስት ቁጥር ይነግሩናል፤ ለመሆኑ ተራራ የሚለካው በምንድን ነው? ማን ወጥቶ ለካው? ገመድ ይዞ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሒሳቡም፣ የሳይንሱም፣ የታሪኩም በር በአንድ ጊዜ ይከፈት ነበር። የስሙን ጉዳይ ቢያነሣ ደግሞ የአማርኛው ክፍለ ጊዜ የራሱን ሥራ ባገኘ ነበር። በሠንጠረዥ የተቀመጠ ቁጥር ግን ጥያቄ አያስነሣም፤ ይሸመደዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል።

አንባቢዬ «ትምህርትን እርስ በርስ ማዛመድ የፈረንጅ ፋሽን ነው» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል በታችኞቹ ክፍሎች ጂኦግራፊውን፣ ሳይንሱንና ኅብረተሰቡን አንድ ላይ አድርጎ «የአካባቢ ሳይንስ» የሚባል የተቀናጀ ትምህርት መጥቷል። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍልም አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱም መጻሕፍቱም ተከልሰዋል። ሐሳቡ ግን በወረቀት ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል።

አንድ መምህርት ጠዋት ሒሳብ፣ ከዚያ አማርኛ፣ ከዚያ የአካባቢ ሳይንስ፣ ከዚያ ሥዕል የሚያስተምሩ ከሆነ፣ ትምህርቶቹን ለማገናኘት ስብሰባም ኮሚቴም አያስፈልግም። ሁሉም ያለው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሆኖም ደወል ሲደወል ሰሌዳው ይጠፋል፤ ከሰሌዳው ጋር ሐሳቡም አብሮ ይጠፋል። ያችው መምህርት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አታውቀውም። ተራራና ተራራ አይገናኝም እንደሚባለው፣ ትምህርትና ትምህርትም በእኛ ዘንድ አይገናኙም።

ይሁንና ተገናኙ የተባሉበትንም ቦታ አይቻለሁ፤ ልቤንም አልሞላውም። አንድ የግል ት/ቤት «የተራራ ሳምንት» አዘጋጅቻለሁ ብሎ ወላጆችን ሲጠራ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሄድኩ። አዳራሹ አምሯል። ከካርቶን የተሠራ ተራራ በጥጥ በረዶ ለብሷል። የሙዚቃው ክፍል ስለ ተራራ አዘመረ፤ የሒሳቡ ክፍል የተራራ ቅርጽ ባላቸው ወረቀቶች ላይ መደመርና መቀነስ አሠራ፤ የእንግሊዝኛው ክፍል ስለ በረዶ አጭር ጭውውት አሳየ፤ የስፖርቱ ክፍል ልጆቹን በወንበር ላይ አስወጥቶ «ተራራ ወጡ» አለን። ሁላችንም አጨበጨብን፤ ፎቶም ተነሣን።

ስወጣ አንዱን ተማሪ አስቁሜ «ምን ተማርክ?» አልኩት። «ተራራ ትልቅ ነው» አለኝ።

ልጁን አልወቅሰውም፤ ያየውን ነው የነገረኝ። ያ አዳራሽ ትምህርቶችን አላገናኘም፤ ሁሉንም አንድ ዓይነት ልብስ ነው ያለበሳቸው። ሰባት ሲደመር አምስት በተራራ ቅርጽ ወረቀት ላይ ቢጻፍም ያው ሰባት ሲደመር አምስት ነው። ስለ ተራራ አንዳች ነገር አይነግረንም። እኔ የምይዘው መለኪያ አንድ ነው። አንድ ትምህርት በእውነት የተቀናጀ የሚሆነው ልጆቹ ፊት የቀረበው ጥያቄ በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሊመለስ የማይችል ሲሆን ነው። ሒሳቡ ሲጎድል መልሱ የሚጎድል ከሆነ ሒሳቡ በቦታው ገብቷል። ሒሳቡ ቢወጣ ምንም የማይጎድል ከሆነ ግን ጌጥ ነው።

ይህን መለኪያ የሰጡኝ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ የመንግሥት ት/ቤት የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። ስማቸውን እንዳላነሣ ስለጠየቁኝ አላነሣም። በእርሳቸው ፈቃድ ለአራት ቀናት ከአራተኛ ክፍል የኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። በክፍሉ ከሃምሳ በላይ ልጆች አሉ። የካርቶን ተራራ የለም። ግድግዳው ላይ ካርታ አለ፤ እሱም ጥግ ጥጉን አይጥ በልቶታል።

በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ከድሬዳዋ የመጣች አክስት አዲስ አበባ ስትገባ ለምን ይበርዳታል?»

መልሱ ከየአቅጣጫው ዘነበ። «ክረምት ስለሆነ!» «ፎቅ ስለበዛ!» «ነጠላ ብቻ ስለለበሰች!» አንዱ ልጅ ግን ተነሥቶ «ቲቸር፣ እኛ ከድሬዳዋ ከፍ ካልን ለፀሐይ እንቀርባለን አይደል? እንግዲያው እኛ ጋ ነበር መሞቅ ያለበት» አለ። መምህርቷ ተሳስተሃል አላሉትም። የልጁን ጥያቄ በሰሌዳው ጥግ ጽፈው አጠሩበትና «ይህን ማንም እንዳያጠፋው» አሉ። አራቱንም ቀን እዚያው ቆየ።

በሒሳቡ ክፍለ ጊዜ አዲስ አበባን 2400፣ ድሬዳዋን 1200 ሜትር ብለው አጠጋጉና ልዩነቱን አስወጡ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ነገሯቸው። 12 ጊዜ 0.6፤ ልጆቹ ከነጥቡ ጋር ትንሽ ታግለው 7.2 ዲግሪ ላይ ደረሱ። ያ ቁጥር የአክስትየዋ ጋቢ መሆኑ ስለገባቸው ከልባቸው ነው የታገሉት። ቀጥለው ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ ጻፉና «ከዚህ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ቢቀነስ ፀሐይ ታውቀዋለች?» ሲሉ የጠያቂው ልጅ ፊት በራ። አየር ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳና እየተለጠጠ እንደሚሄድ፣ ሲለጠጥም እንደሚቀዘቅዝ በሳይንሱ ክፍለ ጊዜ ተከተለ። በእኛ ከተማ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ እንደሚፈላ፣ ባቄላውም ምድጃ ላይ የሚያረፍደው በዚህ ምክንያት ጭምር እንደሆነ ሲሰሙ አንዲት ልጅ «ለእማዬ እነግራታለሁ፤ ከሰሉ ነው እያለች ትራገማለች» አለች።

የአማርኛው የቤት ሥራ የብርድ ስሞችን ከአያት ጠይቆ መምጣት ነበር። ብርድ፣ ቁር፣ ውርጭ፣ አመዳይ፣ ቆፈን እያሉ ይዘው መጡ። እያንዳንዱ የየራሱ ትርጉም አለው። አመዳይ ሣር ላይ ያድራል፤ ቆፈን ጣት ይይዛል። በዚያው ቀን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚሉት ቃላት በሠንጠረዥ ገቡ። ቃላቱ የሜትር ወሰን ብቻ ተሰጥቷቸው አልቀሩም፤ ጤፍ እስከየት ይወጣል፣ ገብስ ብቻውን የሚቀረው ከየት ጀምሮ ነው፣ በግ የሚበዛው የት ነው፣ ሰው ምን ይለብሳል የሚለውም ተከተለ። አባቶቻችን መሬትን ሲከፍሉ ሙቀቱንም፣ እህሉንም፣ ልብሱንም በአንድ ቃል ነው የጠቀለሉት። የተቀናጀ ትምህርት አዲስ ግኝት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን መምህርቷ ከቤታቸው ድንች ይዘው መጡ። አንዱን ትልቅ ድንች ለሁለት ገምሰው ግማሹን በሆዱ አስተኙት፤ ተራራ ሆነ። ከዚያ በእኩል ውፍረት አግድም አግድሙን ከተፉትና ልጆቹ እያንዳንዱን ቁራጭ በተራ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ አከበቡ። ክብ በክብ ውስጥ ወጣ። ድንቹ ቀጥ ባለበት በኩል መስመሮቹ ተጠጋጉ፤ ዘንበል ባለበት በኩል ተራራቁ። እኔ ይህን የካርታ ምሥጢር በ11ኛ ክፍል ሳልረዳው ያለፍኩ ሰው ነኝ። እነዚህ ልጆች በአንድ ድንች ተረዱት።

እስካሁን የጻፍኩት ምስጋና ነው። አራተኛው ቀን ግን የሚያስቸግር ነገር ይዞ መጣ።

መምህርቷ ከእንጦጦ ስለሚወርደው ጭራሮና ቅጠል የሒሳብ ጥያቄ አወጡ። «አንዲት ሴት 20 ኪሎ እንጨት ተሸክማ…» ብለው ሲጀምሩ ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ቀጭን ልጅ «ሃያማ የእኔ ነው፤ የእናቴ ይበልጣል» አለች። ድምጿ ውስጥ ኩራትም እፍረትም አልነበረም፤ የሰሌዳውን ስሕተት ማረሟ ነው። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

መምህርቷ ጠመኔውን እንደያዙ ጥቂት ቆዩና ሃያውን አጠፉት። «ስንት ልበል ታዲያ?» አሏት። «እኛ በሚዛን አናውቀውም፤ በገመድ ነው» አለች ልጅቷ። «ገመዱ እስከዚህ ከደረሰ ይበቃል። ካለፈ ወገብ ይሰብራል።» በእጇም ልኩን አሳየች። መምህርቷ የገመዱን ርዝመት በሜትር አስለኩና የሸክሙ ዙሪያ ስንት እንደሚሆን ክፍሉ በሙሉ አሰላ። ቀጥለው ልጅቷን የዛፎቹን ስም ጠየቋት። ባሕር ዛፍ፣ ጥድ፣ ወይራ፣ አስታ እያለች የትኛው ቶሎ እንደሚነድ፣ የትኛው እንደሚጨስ ዘረዘረች። ሰሌዳው ሞላ። የሳቀው ልጅም ሲጽፍ አየሁት።

ከክፍል ስንወጣ መምህርቷን «አልፈሩም?» አልኳቸው። «እንዴት አልፈራ» አሉኝ። «ነገ ‹እንጨት ለቃሚ› እያሉ ቢሰድቧት ጥፋቱ የእኔ ነው። ብተወው ደግሞ ከክፍሉ ሁሉ ተራራውን የምታውቀው እሷ ብቻ ሆና እያለ አታውቅም ብዬ ማስቀመጤ ነው።»

ይህን ነገር ከሄድኩ በኋላም ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ትምህርትን ከኑሮ ጋር እናገናኝ ማለት ለአፍ ይቀላል። የልጆች ኑሮ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ድህነቱንም ይዞ ይገባል። በካርቶን ተራራ ማንም አያፍርም፤ በእውነተኛው ተራራ የሚያፍር ይኖራል። ስለዚህ ይህን ዓይነት ትምህርት የሚያስተምር ሰው ከትምህርት ዓይነቶቹ ባሻገር ልጆቹን አንድ በአንድ ማወቅ አለበት። ልጅቷ ራሷ ስትናገር መስማት አንድ ነገር ነው፤ «የአንቺ እናት እንጨት ትሸከም የለ? እስቲ ንገሪን» ማለት ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መመሪያ ሊያስተምር አይችልም። መምህር የሚባለው ሰው የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው፤ ሃምሳ ልጅ በአንድ ክፍል ማጎር የሚጎዳውም እዚያው ላይ ነው።

እኔ ብሆን ጥያቄዎቹን ከእንጦጦ አሻግሬ ወደ ሌሎቹ ተራሮች እወስዳቸው ነበር። ለምሳሌ «ደብር» የሚለው ቃል በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ማርቆስ የሚሉ ስሞችን ልጆች በአውቶቡስ መናኸሪያ ሁሉ ይሰሟቸዋል፤ ተራራ በስማቸው ውስጥ እንዳለ ግን ማንም አልነገራቸውም። ቱሉ ዲምቱን የሚያውቁት የኮንዶሚኒየም ሰፈር አድርገው ነው። ቃሉ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት እንደሆነ፣ የዚሁ ስም ባለቤት የሆነው የባሌ ተራራ ጫፍም 4377 ሜትር እንደሚደርስ ቢሰሙ፣ ታክሲ ላይ የሚጠራው ስም ሁሉ ትምህርት ይሆንላቸው ነበር። ታሪክም ከዚሁ ይመዘዛል። ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን ግሸን ላይ ያገቱት፣ ደብረ ዳሞ ዛሬም በገመድ የሚወጣው፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የመጨረሻዋን ሰዓት መቅደላ ላይ ያሳለፉት ያለ ምክንያት አይደለም። የአምባ ቅርጽ ነው። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ልጅ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ፣ ያንን ድርብርብ ድንጋይ ወደሸረሸረው ውኃም ይደርሳል። ሹሉ ባለ በረዶ ተራራ ይህን ታሪክ ሊነግረን አይችልም።

ከዚህ የከበደም አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመካከሉ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ልጆች የዋሊያን ሥዕል ቀለም ይቀባሉ፤ መቀባታቸውም ደግ ነው። ነገር ግን ዋሊያው ሣሩን፣ ገበሬውም ገብሱን ከዚያው መሬት ሲፈልጉ ምን ይደረግ የሚለውን ጥያቄ የአሥር ዓመት ልጅ ሊረዳው አይችልም ያለው ማን ነው? በመንዝ የጓሳ ሰዎች የሣሩን መሬት ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው፣ ጠባቂ አቁመው፣ ሲደርስ በድርሻ እያጨዱ ለዘመናት በራሳቸው ሥርዓት ኖረዋል፤ ሥርዓቱ የላላው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። እነዚህን ሁለት ተራሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወያየት የሒሳብም፣ የሳይንስም፣ የሥነ ዜጋም ሥራ ነው። አንዱ ቢጎድል ውይይቱ ይጎድላል።

ተቃውሞም አለ፤ ቀላል አይደለም። ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ይህን ሐሳቤን ሰምተው «ልጁ ማካፈል ሳይችል ተራራ ላይ ብታወጣው ተራራውንም ማካፈሉንም አያውቅ፤ ጉራማይሌ ሆኖ ይቀራል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማካፈል የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ፊደልም እንዲሁ። ተራራ ማካፈልን አያስተምርም። ማካፈል ለምን እንደሚያስፈልግ ነው የሚያሳየው። የእንጦጦዋ መምህርት ልጆችም በነጥቡ ቢታገሉም ማባዛቱን ቀድመው ይችሉት ነበር። ስለዚህ ሁሉም ትምህርት በየቀኑ ይደባለቅ አላልኩም። በመንፈቅ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት፣ አንድ ጥሩ ጥያቄ ይበቃል። ወጪው ጥቂት ድንች ነው። የቀረው የመምህሩ ጊዜና ነፃነት ነው፤ ከድንቹ ይልቅ የጠፋውም እሱ ነው። ምክንያቱም ፈተናው ስለ አክስትየዋ ጋቢ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሠንጠረዡን ነው።

የእህቴን ልጅ በሌላ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ቴርሞሜትር በቦርሳዋ ይዛለች። አናቱ 3200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰፈራችን ስንት ዲግሪ መቀነስ እንዳለበት ታክሲ ውስጥ አሰላችው። ላይ ስንደርስ ቴርሞሜትሩ ከቤታችን አራት ዲግሪ ዝቅ ብሎ አገኘችው። ነፋስም አለ፣ ሰዓቱም ተለውጧል፤ ስለዚህ ይህ ማስረጃ ሳይሆን ጥሩ ጥርጣሬ ነው አልኳት። ዙሪያዋን አየች። ቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አህያ የሚነዳ ሰው አለ።

«ተራራው ታዲያ የቱ ጋ ነው?» አለች።

«የቆምሽበት ነው።»

መሬቱን በእግሯ መታ መታ አደረገችው። ማታ አዲስ ሥዕል ሣለች፤ አናቱ ሰፊ፣ ባሕር ዛፍ ያለበት፣ ሸክም ያዘለች አንዲት ሴት የምትወርድበት። በረዶ የለውም። ስለ ገመዷ ልጅ ነግሬያት ነበር፤ ረስታለች ብዬ ነበር።

ከዚያ ደብተሯን ዘጋችና «ጋሼ፣ ሰኞ ፈተና አለን። የራስ ደጀንን ስንት ብዬ ልጻፍ? 4620 ወይስ አንተ ያልከውን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት ሰውዬ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ልንገራችሁ። «መምህርሽ ያሏችሁን ጻፊ» አልኳት።

ጻፈች። ሙሉ ነጥብ አገኘች።